አራት ከመነዳሪና አንድ የማይዋኝ መምህር

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ አሶሳ

አየራቸው የወጣ አራት የመኪና ጎማ ከመነዳሪዎች ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ መኪና እጠብቃለሁ። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አዲስ፣ መኪናው ግን አሁንም በጣት የሚቆጠር። ያየኝ ሰው ሁሉ "መካኒክ ነህ?" ይለኛል። አይ ወንድሜ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ነገሩን ያመጣው ምላሴ ነው። ጥር ላይ ስለ ወንዞች ሳስተምር፣ ፈረንጆች ከተራራ በሚወርድ ውሃ ላይ በጎማ ጀልባ እየተንሳፈፉ እንደሚዝናኑ ተናገርኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "እኛም ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ፣ በሽመል ቀርከሃና በከመነዳሪ ታንኳ ሠርተን በኩርሙክ መንገድ ያለውን ወንዝ እንወርደዋለን!" አልኩ። አሥራ አራት ተማሪዎች እዚያው ተመዘገቡ። ርዕሰ መምህሩም ደብዳቤው ላይ ፈርሞ ማኅተም መታበት።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ መዋኘት አልችልም። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ያደገ ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ አንድም ሊጠመቅ ነው፣ አንድም አብዷል። ስለዚህ የዛሬው ጉዞ ወንዙን አይቶ ለመወሰን ነው። የሰው ልጆች ይዤ ልገባበት ነውና፣ ወንዙን ትንሽ እንዲያደርግልኝ አምላኬን እየለመንኩ ነው የምሄደው።

3 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ጨውና ሳሙና የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ሾፌሩ ቶለራ የነቀምት ሰው ነው፤ አፉም መሪውም አያርፍም። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ግራና ቀኙ ቢጫ የሆነ የሽመል ጫካ፣ አለፍ ሲል ደግሞ እሳት የበላው ጥቁር ሣር። ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክም ያንጠለጠሉ ሴቶች ለመኪናው ጥግ ይይዛሉ።

"መምህር፣ ከመነዳሪው ለምንድን ነው?"

"ወንዝ ልወርድበት።"

"ድልድይ አለ እኮ!"

"ለመዝናናት ነው፣ ቶሌ።"

ቶለራ ፍጥነቱን ቀንሶ ከመነዳሪዎቹን አየ፤ እኔንም አየ። ከልቡ አዝኖልኝ፣ "ደመወዝ ዘገየባችሁ እንዴ?" አለኝ። ስወርድም ሂሳብ አልቀበልም ብሎ አንድ ፌስታል ማንጎ አሸከመኝ።

7 ሰዓት፣ ወንዙ

የምፈልገው ሃዋ የምትባል ሴት ነው። ከተመዘገቡት አንዷ፣ አስያ የምትባል ተማሪዬ፣ "አክስቴ ናት፤ እዚያ ወርቅ ታጥባለች" ብላ ቦታውን ጠቁማኛለች። ከመንገዱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወርጄ ደረስኩ።

ወንዝ ያሉኝ ይኼ ነው? ድንጋይ፣ አሸዋ፣ በመሐሉ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ። ስድስት ሴቶች ጉድጓድ ቆፍረው፣ አሸዋውን በገበቴ እያሽከረከሩ ያጥባሉ። ተመስገን! ደስታዬን አልችል አልኩ። እዚህ ውስጥ ለመስመጥ ሰው ተኝቶ አፍንጫውን መያዝ አለበት።

ድፍረቴ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ አንዱን ከመነዳሪ በብስክሌት ፖምፓ ነፋሁት። ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ውሃ ያቆረች ጉድጓድ አገኘሁና እንደ ንጉሥ ተቀመጥኩበት። ከመነዳሪው ከሥሬ ተንሸራተተ። ሰማይና መሬት ቦታ ተለዋወጡ።

"የሰው ያለህ! ሞትኩ! ድረሱልኝ!"

አንዲት ጎልማሳ ሴት ገበቴዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አየችኝ። "ኡስታዝ፣ ቁም" አለችኝ።

"አልችልም!"

"እግር አለህ። ቁም።"

ቆምኩ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አንዷማ ሆዷን ይዛ አሸዋው ላይ ተንከባለለች። ከሃዋ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ሆኖ ነው።

9 ሰዓት፣ እዚያው

ሱሪዬ ቋጥኝ ላይ ተሰጥቷል። እኔ የሃዋን ነጠላ አገልድሜ ገንፎ በባሚያ ወጥ እበላለሁ። እንደ እኔ ላለ አሳፋሪ ሰው ምግቡ ይበዛል። ጠግቤ አፌ ሲፈታ የሐምሌውን ዕቅድ አስረዳኋት።

ሃዋ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ዳር ላይ ወደቆመው ትልቅ የሾላ ዛፍ ወሰደችኝና ወደ ላይ አሳየችኝ። ቁመቴን ሁለት ጊዜ በሚያክል ከፍታ፣ ቅርንጫፎቹ መሐል፣ የደረቀ ሣር ተጠምጥሟል። አንድ ሙሉ ግንድም ተሰንቅሯል።

"ያ ሣር ማን ሰቀለ?"

"ወፍ?" አልኩ።

"ወላሂ፣ ውሃ ነው። ሐምሌ ውሃ እዚያ ነው። ድንጋይ ይዞ ይመጣል። እኛ ሐምሌ ወንዝ አንመጣም፤ ልጅም አንልክም።" ስለ እህቷ ልጅም ጠየቀችኝ። "አስያም ይገባል?"

እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጋና ክረምት እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ አሥራ አራት ልጅ በሐምሌ የማስገባበትን ወንዝ ግን በየካቲት አይቼ፣ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም ብዬ ልመለስ ነበር። ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ሃዋ ውሃ አመጣችልኝ፤ በጣሳ።

እሁድ፣ መልስ

ሽመል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ሰበብ ሳማርጥ ነው የዋልኩት። ከመነዳሪው ተበሳ ልበል? አሞኛል ልበል? ፈቃዱ ተሰረዘ ብልስ? አሶሳ ስደርስ ሦስት ጥሩ ጥሩ ውሸቶች ነበሩኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ

አስያ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ የአክስቷ ዓይን ነው። ሦስቱም ውሸት ጠፋብኝ።

"ጉዞው ቀርቷል" አልኩ። "ወንዙ ሐምሌ ላይ ሰው ይገድላል። እኔ ደግሞ መዋኘት አልችልም። ምኑንም ሳላውቅ ልወስዳችሁ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

እንደሚያጉረመርሙ ጠብቄ ነበር። ማንም አልደነገጠም። አስያ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እናውቃለን።"

"ምኑን?"

"ሁለቱንም። ችግኝ ልንተክል የሄድን ጊዜ ቦይ ሲሻገሩ በአራት እግርዎ ነበር።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

"ታዲያ የወንዙን ክፋት ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ነገርንዎት እኮ። 'አይዟችሁ፣ አትፍሩ' አሉን።"

"እና ለምን ተመዘገባችሁ?"

አስያ ጓደኞቿን ዞር ብላ አየች።

"እኛማ ውሃው ውስጥ አንገባም ነበር፣ ቲቸር። እርስዎ ግን ይገባሉ። ማን ያወጣዎታል ብለን ነው የተመዘገብነው። አሥራ አራት ሰው ይበቃል ተባባልን።"