ቃላቸውን ያላሳደሩት ዳኛ

ንጋት፣ ባሕር ዳር

የጀልባው ሞተር ሲነሣ ከተማው ገና አልነቃም። ከትናንት በስቲያ ቀኝ እጄን አንሥቼ ለዳኝነት የማልኩት እኔ፣ በቆርቆሮና በለስላሳ መጠጥ ሳጥን መካከል ተቀምጫለሁ። የምሄደው ከቁንዝላ ማዶ ባለች መንደር ተዘዋዋሪ ችሎት ለማስቻል ነው።

«አዲስ ዳኛ ነዎት? እዚያ ያሉትን ዳኛ የት ሊያደርጓቸው ነው?» አለኝ ጀልባ ነጂው።

«እሳቸውማ ዓምና እዚሁ ሐይቅ ላይ ሰጠሙ አይደል እንዴ!» አልኩት።

«መስጠማቸውን አውቃለሁ። አሉ ነው የምልዎ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ረፋድ፣ መንደሩ

ጭጋጉ አልተገፈፈም። ችሎቱ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። መሀል ባለው ልቀመጥ ስል ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ችሎት አስከባሪው ጋሽ ጥሩነህ ወደ ጎን ስበው ነገሩኝ። እዚህ አገር ዳኛ አስችሎ ሲያበቃ፣ ውሃውን ተሻግሮ ከመሄዱ በፊት እጁን ዋርካው ላይ አድርጎ መሐላውን ያሳድራል፣ ለዋርካው አደራ ትቶት ይሄዳል፤ ሲመለስ ያነሣዋል። የቀድሞው ዳኛ ሳያሳድሩ ተሳፈሩ።

«ሰውዬው ሞቱ እንጂ ቃላቸው አልተመለሰም። ወንበሩ የሳቸው ነው» አሉኝ።

ተናደድኩ። ፊቴ የቆመችው ወይዘሮ ይመኙሻል ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የባሏ ወንድም ያርስባታል። ክርክሯን የሰሙት ሟቹ ዳኛ ናቸው፤ ፍርዱን ሳይሰጡ ቀሩ። የዘር ወቅት ደርሷል። ብጠይቃት፣ ብጠይቃት፣ ዓይኗን ከባዶው ወንበር አልነቀለችም።

«ይጥሯቸው እንግዲያው» አልኩ በመጨረሻ። «እሳቸው ራሳቸው መዝገቡን ያስረክቡኝ።»

ጋሽ ጥሩነህ የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ነፋስ የለም፤ የዋርካው ቅጠል አልተነቃነቀም። በሦስተኛው ጥሪ ወንበሩ ሲጥ አለ፣ ሰው ሲነሣ እንደሚያደርገው።

ወይዘሮ ይመኙሻል ወደ እኔ ዞራ መናገር ጀመረች። አንዴም ሳላቋርጥ ሰማኋት፤ ለፍርድ ለሐሙስ ቀጠርኩ። ምሳ የተጠበሰ ዓሣ በዳጉሳ እንጀራ ቀረበልኝ።

አመሻሽ፣ መሳፈሪያው

ወይዘሮ ይመኙሻል ውሃው ዳር ቆማ ታየኛለች። ጋሽ ጥሩነህ የጀልባውን ገመድ ይዘው አልለቅም አሉ።

«ክብርት ዳኛ፣ ቃልዎን ያሳድሩ እንጂ።»

«ካሳደርኩትማ ያለ መሐላ ፍርዱን ምን ሆኜ እጽፈዋለሁ? ቤቴ ገብቼ የምጽፈው እኮ ነው። ሐሙስ ትጠብቀኛለች።»

ገመዱን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«እሳቸውም እንዲሁ ነበር ያሉ።»