የሐረግ ጓዝ

ሐረግ ቢተው ከቤይሩት የተመለሰችው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ሠርታ መጥታ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየችና ደብተር፣ እስክርቢቶና የሞባይል ካርድ መሸጥ ጀመረች። ቁጥብ ነበረች። የቤይሩቷ እመቤት በወጣች በገባች ቁጥር ቦርሳዋን ታስከፍታት፣ የቀሚሷን ኪስ ሳይቀር ትዳብስ ስለነበር፣ ሰው ዝም ብሎ ሲያያት እንኳ የሚፈትሻት ይመስላት ነበር።

ከዚያ ቤት ይዛው የመጣችው አንድ ደስ የሚል ነገር ጨዋታ ነው። መብራት ሲጠፋ የእመቤቷ ልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ ያጫውቷት ነበር። ሕጉን በቃሏ ይዛ መጣችና ካርታዎቹን ከክላሴር እየቆረጠች በአማርኛ ጻፈቻቸው። ሥዕል አትችልም፤ ስም ብቻ። ተጫዋቹ ከግብጽ ተነሥቶ ሰባት ማረፊያ አልፎ ከነዓን መግባት አለበት። የሰው ካርታ ያራምዳል፣ የመከራ ካርታ ባላጋራን ያቆማል። ሰው ሁሉ ደግሞ ለመራመድ አንድ የመና ካርታ ይፈጃል። ስሞቹ በጠቅላላው መቶ ሃያ ናቸው፤ ከነዚያ አርባውን መርጦ፣ በእጁ ጽፎ መምጣት የተጫዋቹ ፋንታ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያን አርባ ካርታ «ጓዝ» አሉት።

ጨዋታው ሰንበት ትምህርት ቤት የገባው በቀላሉ አይደለም። መሪጌታ ቸኮል መጀመሪያ ቁማር ነው አሉ። ቁማር አለመሆኑ ሲነገራቸው የመናፍቃን ሥራ ነው አሉ። መቶ ሃያውን ካርታ ወስደው ሳምንት ሙሉ ሲመረምሩ ሰነበቱና የሁለት ስም አጻጻፍ አርመው መለሱላት። የአንድ ለአምስት መሪዋ በበኩሏ እየመጣች ወጣቶቹ እሑድ እሑድ ተሰብስበው ምን እንደሚያወሩ ትጠይቃት ነበር። በ2007 ግን ነገሩ ተለመደና ከፋሲካ በኋላ መካነ ሰላም፣ ወግዲ፣ ወረኢሉና አቀስታ አንድ አንድ ሰው ልከው አቀስታ ላይ እንዲወዳደሩ ተወሰነ። የመካነ ሰላሙ ተወዳዳሪ የሚለየው በዐቢይ ጾም እሑዶች በሚሰበሰብ ነጥብ ነበር።

ሱቁን የምትጋራት ሀዲያ ትባላለች። በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት አንዷ ናት። የስፌት መኪናዋን ከሐረግ መደርደሪያ ፊት ለፊት አስቀምጣ ትሠራለች። ቀትር ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ይጫወቱ ነበር። ሀዲያ ሙሴን ሙሳ፣ ዮሴፍን ዩሱፍ እያለች ጨዋታውን ቶሎ ለመደችው፤ የሐረግን ጓዝ ጉድለት መጀመሪያ ያየችውም እሷ ናት። ሐረግ አርባውን በጀግና ሞልታው ነበር፤ ሳምሶን፣ ጌዴዎን፣ ዳዊት፣ ኢያሱ። መናው ስድስት ብቻ ነው። ጀግኖቹ በእጇ ታጭቀው መና እየጠበቁ ይቀራሉ።

«ይሄ ሁሉ ጎረምሳ በረሃውን ምን በልቶ ሊያቋርጠው ነው?» አለቻት ሀዲያ።

ሐረግ ሳምሶንን፣ ጌዴዎንንና ሌሎች ሦስት ጀግኖችን አወጣች። ከመደርደሪያዋ አዲስ ክላሴር አውርዳ አምስት መና ቆረጠችና መናውን አሥራ አንድ አደረሰችው። በሳምንቱ ሙሴን ጨመረች፤ ሙሴ ባሕር ከፍሎ ሁለት ማረፊያ ባንዴ ያሻግራል። በየሳምንቱ ሁለት ታወጣለች፣ ሁለት ታስገባለች፤ ያስገባችውን ቀትር ላይ ከሀዲያ ጋር ትሞክረዋለች። ጓዟ ፈጠነ። በሁለተኛው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያላሸነፈችው ሰው አንድ ብቻ ቀረ፤ የሁለተኛ ደረጃው የሒሳብ መምህር አድማሴ።

አድማሴ በሦስት እሑድ ሦስቴ ረታት፤ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ። ሙሴን የሚያግደውን የፈርዖንን ካርታ ይዞ ዝም ይላል፤ ሙሴ እጇ የገባ ዕለት ያወጣዋል። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው ትል ነበር። በሦስተኛው ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ጓዟን ማን እንዳየው አሰበች። ከሀዲያ በቀር ማንም አላየውም። የሀዲያ እህት ጠይባ ደግሞ የአድማሴ ግቢ ተከራይ ናት፤ ሀዲያ በየሳምንቱ ዓርብ ትጠይቃታለች።

ከዚያ ወዲህ ሐረግ የሀዲያን ነገር ሁሉ መጠበቅ ጀመረች። ስልክ ስታነሣ ጆሮዋን ታቆማለች። ዓርብ ስንት ሰዓት ሄዳ ስንት ሰዓት እንደተመለሰች ታስተውላለች። ሀዲያ አንድ ቀን ስለ አቀስታው ውድድር ብትጠይቃት ምን አስጠየቃት ብላ ስታብሰለስል ዋለች። በመጨረሻ ወጥመድ አበጀች። ሐሙስ ቀትር ላይ ሙሴን ማውጣቷን፣ በምትኩ የኢያሪኮን ግንብ ማስገባቷን ለሀዲያ ነገረቻት፤ ግንብ የሞላበት ጓዝም አሳየቻት፤ የእሑዱን ጓዟን ግን አልነካችውም። ግንብ የሚያፈርሰው ቀንደ መለከት ብቻ ነው፤ አድማሴ ደግሞ ቀንደ መለከት ይዞ አያውቅም።

እሑድ አድማሴ በሦስተኛው ተራ ቀንደ መለከት አወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሐረግ ሱቁ እንደገባች ሰላምታም ሳታስቀድም ሀዲያን ጠየቀቻት።

«ለጠይባ ስለ ጓዜ ምን ነገርሻት?»

ሀዲያ መኪናዋን አቆመች። «ስለ የትኛው ጓዝ?»

«ስለ ግንቡ።»

«ጠይባ ይሄን ጨዋታ አይታው አታውቅም።» ሀዲያ ከመኪናዋ ቀና አለች። «ግንቡን ያሳየሽኝ ልትፈትኚኝ ነበር?»

ሐረግ ዞራ ደብተሮቹን መደርደር ጀመረች።

«ጂዳም እንዲህ ያደርጉኝ ነበር፤ የወርቅ ቀለበት ወለል ላይ ጥለው መጋረጃ ኋላ ይቆማሉ። በይ ጓዝሽን አምጪው።»

ሀዲያ አርባውን ካርታ ገልብጣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ከዚያ ፊታቸውን ሳታይ በጣቷ እየነካች ለየቻቸው። የድሮዎቹ በእጅ ብዛት ወይበዋል፤ አዲሶቹ፣ ሐረግ በየሳምንቱ ስታሻሽል የጨመረቻቸው፣ ነጫጭ ናቸው። ከነጮቹ አንዷ ጠርዟ ላይ የሙጫ ጠብታ ነበረባት። ሀዲያ ገለበጠቻት። ሙሴ።

«እኔ ጨርቅ ነው የምሠራው፤ ካንድ ጣቃ ያልወጣውን ዓይኔ ይለያል። ወላሂ፣ የምታውቂው መስሎኝ ነበር።»

ሐረግ ይቅርታ ሳትል ካርታዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ሀዲያም አልጠበቀቻትም፤ መኪናዋን መልሳ አንቀሳቀሰች።

ማክሰኞ ሐረግ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አድማሴን ጠብቃ አገኘችው። ቀንደ መለከቱን ያስገባው የወግዲዋ ተወዳዳሪ ግንብ ታበዛለች ሲባል ሰምቶ፣ ለአቀስታ ሊሞክረው መሆኑን ነገራት። ስለ ካርታዎቿ ጀርባ ስትጠይቀው አልካደም።

«ፊት ለፊቴ ይዘሽው ተቀምጠሽ ወዴት ልይ? አትይ የሚል ሕግ የለም» አላት።

ሕግ አለመኖሩ እውነት ነው። ግን ሦስት ሳምንት እያየ ዝም ማለቱ ከነከናት፤ ከዚያ በኋላ መምህሩን ሙሉ በሙሉ አምናው አታውቅም።

አርባውንም ካርታ ካንድ ክላሴር ቆርጣ ባንድ እስክርቢቶ እንደገና ጻፈቻቸው። ከሆሣዕና በፊት ባለው እሑድ አድማሴ ዓይኑን በካርታዎቿ ጀርባ ላይ ቢያንከራትትም ምንም አላገኘም፤ ረታችው። ሌሎቹን በማሸነፍ ባጠራቀመችው ነጥብም በለጠችውና ለአቀስታ ተመረጠች። ሀዲያ በዚያው ሳምንት መኪናዋን አስጭና ከመንገዱ ማዶ ሌላ ክፍል ገባች። አልተጣሉም። ሲገናኙ ሀዲያ እንደ ድሮው ሙሉ ሰላምታ ትሰጣታለች፤ ከሰላምታው በኋላ ግን ወሬ የለም።

አቀስታ ላይ ሐረግ የወረኢሉውን ተወዳዳሪ አሸንፋ ለመጨረሻው ጨዋታ የኔአለም ከምትባል የወግዲ ገበሬ ልጅ ጋር ተገናኘች። ልጅቱ ግንብ በግንብ ነበረች። ሐረግ ሙሴን በጊዜ አገኘችው። ልጅቱ ፈርዖንን ደብቃ ትሆናለች ብላ ግን አላወጣችውም፤ አሁን፣ ቀጥሎ እያለች አራት ተራ አቆየችው። የኔአለም ከነዓን ገባች። ጨዋታው አልቆ ካርታ ሲሰበሰብ ሐረግ ጠጋ ብላ አየች። የልጅቱ ጓዝ ውስጥ ፈርዖን ጭራሽ አልነበረም።

ከወር በኋላ ሐረግ ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች። የሀዲያ ክፍል በዩኒፎርም ጨርቅ ተሞልቷል። ሐረግ ቆማ፣ በድላኛለች ብላ ያሰበችው ክፉ ነገር ሁሉ ከራሷ የመጣ እንደነበር ተናገረች። ሀዲያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መቀመጫ ሳበችላት።

«አውፍ ብያለሁ፣ ቂም የለኝም» አለች። «ያንቺን ጓዝ ግን ከእንግዲህ አላይም። ከፈለግሽ የራሴን ልሥራ።»

ሐረግ አንድ ክላሴር ላከችላት። አሁን ሰኞ ሰኞ ቀትር ላይ ይጫወታሉ። ሀዲያ ጓዟን በፌስታል ጠቅልላ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሐረግ አታውቅም፣ አትጠይቅምም። ሐረግ እስካሁን ያሸነፈቻት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።