የስምንት ሰው ቅርጫ

በደርግ ጊዜ ልደታ ውስጥ፣ ከአብነት ዝቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። የሰውየውንም አልጽፍም፤ ልጆች አሉት፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ። ያኔ አንቱ እለው ነበር።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። ተማሪዎቼን ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ያስተማራቸውም እሱ ነው፤ ስለ ክፍልፋይ ያስያዛቸው ግን ዜማ ብቻ ነበር። "ላዕል ከላይ፣ ታህት ከታች" ይላሉ፣ ሰባ ሁለት ልጅ በአንድ ድምፅ። ሰሌዳው ላይ አንድ ስምንተኛና አንድ አሥራ ሁለተኛ ጻፍኩና የትኛው ይበልጣል አልኳቸው። አንድ አሥራ ሁለተኛ አሉ። አሥራ ሁለት ከስምንት ይበልጣላ።

ሁለት ሳምንት ታገልኳቸው። ክብ ሥዬ ከፋፈልኩ፤ ቁራጮቹን ቆጥረው አሥራ ሁለት ይበዛል አሉኝ። ወረቀት እንዳላስጣጥፋቸው ደብተር ብርቅ ነበር፤ ከልጇ ደብተር አንድ ገጽ ያስገነጠልኩባት እናት በር ላይ ቆማ ስትሰድበኝ አረፈደች። እሱ ደግሞ በመስኮት አንገቱን እያስገባ "እስካሁን እዚያው ነሽ?" ይለኛል። እሱ የሚቆጥረው ያለቀውን ገጽ ነው። የገባውን ልጅ ቆጥሮ አያውቅም።

ከፋሲካ እረፍት ስንመለስ በጣም የምታስቸግረኝን ልጅ አስነሣኋት። አባቷ አብነት ጣውላ ቤት ይሠራል፤ ያመነችበትን የማትለቅ ልጅ ናት። ለበዓሉ ቅርጫ ገብተው እንደሆነ ጠየቅኋት። ገብተዋል፤ በሬውን ስምንት ሆነው ነው የተካፈሉት። አምና ግን አሥራ ሁለት ነበሩ።

"ታዲያ መቼ ነው ብዙ የደረሳችሁ?"

ሞኝ እንደጠየቃት ሁሉ ሳቀች። "ዘንድሮ ነዋ፣ ቲቸር። ሰው ሲበዛ መደቡ ያንሳል እኮ።"

ሁለቱን ክፍልፋዮች ዳግም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና እዪ አልኳት። ከዚያ መጥታ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችና አንድ ስምንተኛን ከበበችው። ከኋላ አንዱ ልጅ የእሱ ቤተሰብ ከስምንቱ መደብ አንዱን ከጎረቤት ጋር ለሁለት እንደተካፈለ ሲናገር፣ አንድ አሥራ ስድስተኛን እኔ ሳልነግራቸው ራሳቸው አገኙት።

በማግስቱ ግቢ አወጣኋቸው። ከጭቃ በሬ ሠሩ፣ የኮባ ቅጠል አነጠፉ፣ ስምንት መደብ አደረጉት። ቅርጫ የገባ ሰው ያውቃል፤ መደብ አንድ ትልቅ ቁራጭ አይደለም። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለሁሉም ይዳረሳል፤ ሁሉም ተስተካክሏል ሳይል ዕጣ አይጣልም። ልጆቹ ጭቃውን እየቆነጠሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወሩ ሲጨቃጨቁ ጣልቃ አልገባሁም። ክፍሎቹ እኩል መሆን አለባቸው የሚለውን መጽሐፉ በአንድ መስመር ተናግሮ ያልፈዋል። እነሱ ግን ተጣሉለት።

እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲያየን ነበር። ዓርብ ከሰዓት የሂስና ግለሂስ ስብሰባ አለ፤ አንዱ መምህር ተነሥቶ የሌላውን ጥፋት የሚናገርበት፣ ጥፋተኛ የተባለውም በገዛ አፉ የሚያምንበት። ተነሣና ተናገረ። ጓዲት ሳይንሳዊውን ትምህርት ትታ የአውዳመት ሥጋ ታካፍላለች፣ ሃይማኖት ክፍል ውስጥ ታስገባለች አለ። የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም ስለ ራሳቸው ቅርጫ ሲያወሩ እንደዋሉ ላስረዳ ብል አስቆሙኝ። "ጓዲት፣ ከጭቃው በሬ ለእኛ ምላሱን አላስቀራችሁም?" አለ አንዱ። ሳቁ። የሳቁትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

እንዲህ ያለ ክስ በዚያ ዘመን ወዴት እንደሚያደርስ አልዘረዝርም። ከቤቴም የታሰረ ሰው ነበር፤ ስለ እሱ እዚህ አላነሣም። ተነሥቼ አጥፍቻለሁ አልኩ። በአራተኛ ክፍል ሒሳብ ከእንግዲህ እንደማልገባ ቃል አስገቡኝ። ክፍሉን እሱ ወሰደው፤ እኔ አንደኛ ክፍል ፊደል ላስቆጥር ወረድኩ። ክፍልፋይ መደመር ገና አልጀመርንም ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ክፍሌ ድረስ መጣች። ጉልበቷ አቧራ ነው፤ እሱ አንበርክኳት ነበር። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ እሷ ልክ አይደለም ብላው ነው። አያውቅም አልልም፤ ያውቃል። ቸኩሎ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮት ነው። በልጅ ከሚታረም ግን ስህተቱን ለሰባ ሁለት ልጅ ማስገልበጥ መረጠ። ይኸው ለፈተና ይመጣል ብሏቸዋል።

"ቲቸር፣ ግማሹ በእጄ እያለ ሌላ ከጨመሩልኝ፣ እንዴት ተደምሮ ከግማሽ ያንሳል? ሁለት አምስተኛ እኮ ግማሽ አይሞላም።"

ታህቱን ማመሳሰል ማንም አላሳያትም። ትክክለኛው መልስ ስንት እንደሆነ አታውቅም፤ ይኼኛው ሊሆን እንደማይችል ግን አውቃለች። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ከተማሪ አፍ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልሰማሁም። ልክ ነሽ ማለት ነበረብኝ። በረንዳው ላይ ሰው ቆሟል፤ የቆመው ማን እንደሆነ ከጥላው መለየት አልቻልኩም።

"እሳቸው እንዳሉት ጻፊ" አልኳት።

"እርስዎም?"

ትንሽ ቆማ ሄደች።

ዛሬ የያኔ ባልደረቦቼን ለቅሶ ቤት ሳገኛቸው፣ እሱ የልደታን ልጆች በሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው እያሉ ያወሩልኛል። እሰማቸዋለሁ። ልጅቷ ፈተናው ላይ ምን እንደጻፈች ግን አላውቅም። ወረቀቱን ያረመው እሱ ነው፤ ውጤት በተለጠፈበት ቀን እኔ በዚያ በኩል አላለፍኩም።