አፍ ማዘጊያው

በሰዓት ሠሪው ቤት ከኮምፒውተሩ የሚበልጥ ሽማግሌ ቢኖር፣ ለጥገና የመጣው የአማቱ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነበር። በዚያ ኮምፒውተር ብራውዘር መክፈት አህያ ፎቅ እንደ ማስወጣት ነው፤ መጀመሪያ ይቆማል፣ ቀጥሎ ያስባል፣ በመጨረሻ እምቢ ይላል።

ሰዓት ሠሪው ግን ምን ገዶት! ስለ ድሮ ሰዓቶች የሚወራበትን የውይይት ቡድን የሚያነብበት፣ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም አለው። ሥዕል የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ መልእክቶቹን ባንድ ትንፋሽ አፍሶ ያመጣለታል። ከሁሉ የሚኮራበት ደግሞ እሱ "አፍ ማዘጊያ" ብሎ የሰየመው ቦታ ነው። የጠላኸውን ሰው ስም እዚያ ካስገባህ፣ ሰውየው ቢጽፍ፣ ቢጮህ፣ ቢያለቅስ አንተ ዘንድ አይደርስም።

እስካሁን እዚያ የገባው አንድ ሰው ነው፤ የሚስቱ ወንድም። አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ በፍጥነቱ ስለሚጎርር ቤተሰቡ "ፈጣኑ" ይለዋል። ያንኑ ቡድን በብራውዘር እየከፈተ፣ በሰው ሁሉ ፊት "ሙዚየሙ ዛሬ እንዴት ዋለ?" እያለ ቢያሾፍበት ጊዜ ሰዓት ሠሪው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አሁን ግን ጭንቅ መጣ። አማቱ ሰዓቱን ሲሰጡት፣ ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ መደወል እንዳቆመና ስንቱ ሠሪ ነካክቶ እንደመለሰው ነገሩት። እሱም እሑድ ሲመጡ ሰዓቱ ደውሎ እንደሚቀበላቸው አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሲከፍተው ደወሉን የሚመታው መዶሻ የለም። ራሱ ቀርጾ ቢያስገባለት ድምፁ ድስት የወደቀ መሰለ። እሑድ ሊያፍር ነው።

ጨንቆት ቡድኑን ጠየቀ። የመጣለት መልስ ይባስ ግራ አጋባው። አንዱ "መልሱ እኮ ተሰጥቶሃል" ይላል፤ ሌላው ይስቃል፤ ሦስተኛው "ይቅር በለው፣ ልጅ ነበር" ብሎ ይማልዳል።

"ማንን ነው ይቅር የምለው?" አለ ሚስቱን።

ወንድሟ ቤት ሄዳ ሁሉንም በብራውዘር አንብባ መምጣቷ ነበርና ሳቋን መዋጥ አቃታት። "አፍ ማዘጊያህን ክፈተው" አለችው።

"ሞቼ ነው።"

"እንግዲያው እሑድ ለእማዬ አንተው ግድግዳው ሥር ቆመህ ትደውልላታለህ።"

ከፈተው። ስንት ወር የታፈነው ፈጣኑ ባንዴ ተንጋጋበት። ቀልዱን፣ ተረቡን፣ ሙዚየሙን ሁሉ ጥርሱን ነክሶ አለፈና ከታች አንድ አጭር መልእክት አገኘ፦ "መዶሻው እኔ ጋ ነው። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነቅዬ ደበቅሁት። ለእማዬ አትንገርብኝና መጥተህ ውሰድ።"

ኩራቱን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ፈጣኑም መዶሻውን በሁለት እጁ አቀረበለት፤ ያን ቀን ስለ ሙዚየም ትንፍሽ አላለም።

እሑድ ሰዓቱ ጥርት ባለ ድምፅ ደወለ። አማቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስኪጨርስ አዳመጡና ምን ጎድሎት እንደነበር ጠየቁ። ፈጣኑ ወለሉን ማየት ጀመረ።

"አንድ ባለጌ አፉን ዘግቶት ነው፣ እማማ" አለ ሰዓት ሠሪው።

"አንድ ብቻ?" አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት።

ሰዓት ሠሪውም ወለሉን ማየት ጀመረ።