ካልቶማና የሱኩማው ትል

ካልቶማ ትል አትወድም ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ሞያሌ አጠገብ ባለችው መንደሯ በኦዳ እንደሷ ያለ ተጸያፊ የለም። ሰው ቤት ወተት ሲቀርብላት ዕቃውን አጮልቃ ሳታይ አትጠጣም፤ ዝንብ ያረፈበትን ሥጋ ለድመት እንኳ አትሰጥም። እንዲህ ያለችው ሴት ነች እንግዲህ ሱኩማ ከሚሉት ጎመን ጋር የተጣመደችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ከብቶቹ በድርቅ ካለቁ ወዲህ ቤቱ የሚበላው ጎመኑን ከተከለችባት ትንሽ ጓሮ ነው። ሱኩማውን ሞያሌ ገበያ ትሸጣለች፣ የተረፈውን ትቀቅላለች። ባሏ ሁካ ደግሞ ዕድሜውን ከላም ጋር የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ትል ጎመኑን ሲወረው፣ እሱ የሚያውቀው ተባይ መዥገር፣ የሚያውቀው መድኃኒትም የመዥገር ነውና፣ ከከብቶቹ የተረፈውን በመርጫ ፓምፕ ነፋበት። ትሉ አለቀ፤ ሁካም መርዙን ወደ ውስጥ ስቦ ለጥቂት ተረፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ሳንባህ ይህን ሁለተኛ አይችለውም ብሎ አስጠነቀቀው። ካልቶማም መርዝ የነካውን ጎመን ነቅላ ቀበረችና አዲስ ተከለች።

አዲሱንም ትል ወረረው። አሁን በእጇ ትለቅም ጀመር፤ በእጇ ሲባል በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርባ ነው። ቱ! ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ጫን ሲሉት አረንጓዴ ውሃ የሚተፋ። ለቅማ የዋለች ቀን እህል በአፏ አይዞርም። አንድ ጠዋት ደግሞ የባሰ ገጠማት፤ ትሎቹ ደንዝዘው፣ ጀርባቸው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር ተደርድሮባቸው አገኘች። እንቁላላቸውን አዝለው የሚዞሩ መሰላት። ባደገችበት ቤት ከላም የተነቀለ መዥገር መሬት አይጣልም፣ እሳት ውስጥ ነው የሚጨመረው። እሷም ነጭ ያዘሉትን አንድ ሳታስቀር ለቅማ ፍም ላይ ደፋቻቸው። ሲንጣጡ የወጣው ሽታ ስንት ቀን ከአፍንጫዋ አልጠፋም።

ከገበሬዎቹ አገር ከሜሩ መጥታ አጠገቧ የምታርሰው ጎረቤቷ ሻሮን ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። እንዳስረዳቻት፣ ነጩ ነገር የትል እንቁላል አልነበረም። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ትሉ ሆድ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿ ትሉን በቁሙ ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ፣ ቆዳውን በስተው ይወጡና ያንን ነጭ ጎጆ ይሠራሉ። ከጎጆው ተርብ ሆነው ሲበሩ በተራቸው ሌላውን ትል ይፈጃሉ። ካልቶማ ያቃጠለችው የጓሮዋን ጠባቂዎች ነው። ሻሮን የኔ ጓሮ ነጭ ያዘለ ትል ሞልቶታልና ነይ ውሰጂና ጓሮሽ ልቀቂው አለቻት። ካልቶማ ግን በቁም የሚበላላ ነገር ደጄን አይረግጥም ብላ ሄደች። ተርቧ እሷም ሆድ ውስጥ እንቁላል የጣለች ይመስል ያን ቀን ሙሉ ሆዷን ስታክ ዋለች።

ትሉ ይሉኝታ የለው፣ ጠባቂ ሲያጣ ባሰበት። ሱኩማው ወንፊት ሆነ፤ ለገበያ ቀርቶ ለፍየል የሚሆን ቅጠል ጠፋ። ካልቶማ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ሁካ ከበሩ ላይ አያት።

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ፣ አፍንጫውን በሽርጥ አስሮ ፓምፑን ጀርባው ላይ ሲያዝል ደረሰች። የመዥገሩን መድኃኒት ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ፤ ሽታው ደጁን ሞልቶታል። ገና መንፋት ሳይጀምር ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትሞትብኝ ነው?»

«ስታለቅሺ እያየሁ ልቀመጥ?» አላት።

ፓምፑን ከጀርባው ነጥቃ ከአጥሩ ውጭ አኖረችው። በሱም ተናዳለች፣ በራሷም፣ በዚያ አረንጓዴ ውሃ በሚተፋ ትልም። ከዚያ በቀጥታ ሻሮን ዘንድ ሄደች። ሻሮን ነጭ ያዘሉትን ትሎች ከነቅጠላቸው ቆርጣ፣ ፌስታል ውስጥ ከታፈኑ ይሞታሉ ብላ ባዶ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

መንገድ ላይ አንዱ ከቅጠሉ ተንሸራቶ የእጇ አንጓ ላይ ወደቀ። ገና ነፍስ ነበረው፤ ከነሸክሙ ተላወሰ። ካልቶማ ጎንበስ ብላ አስመለሳት፣ ደግሞም አስመለሳት። እጇን ግን አላራገፈችም። አፏን በትከሻዋ ጠርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ ወደ ቤቷ መራመዷን ቀጠለች።