የክትክታ ዘመድ

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእኛን በር አልፋ ጎረቤት መግባት ከጀመረች ወዲህ በአጥር ማየት ለመድኩ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህርት ናቸው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር፣ ጓሮዬ ውስጥ የቡና ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ልጄን በምን እንደምመልሳት ጨነቀኝ።

ሰበቡ ዘር ነበር። ውጭ አገር ያለች እህታቸው ሜፕል የሚባል የፈረንጅ ዛፍ ዘር ላከችላቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጣበቀ፣ ክንፍ ያለው።

አንድ ቀን ልጄ እራት ላይ፣ “እማ፣ ሜፕል የክትክታ ዘመድ ነው እኮ” አለችኝ።

“ማገዶ የምናደርገው ክትክታ?”

“አዎ። ድሮ ለብቻው ነበር የሚመደበው፤ አሁን አንድ ቤተሰብ ናቸው። የክትክታም ፍሬ ክንፍ አለው፤ ቲቸር አሳዩኝ።”

“የዛፍ ዘመድ ቆጥራችሁ ጨረሳችሁ? ሊሙ ገነት ያለችውን አክስትሽን ግን ደህና ነሽ ወይ ብለሽ አታውቂም።”

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከቲቸሯ ጥቂት ዘር አስመጣኋት። ሐሳቤ ቀድሜያቸው ማብቀል ነበር። የቡና ዘር ከደረቀ አይበቅልም፤ ይህንንም አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ወዲያው መደብ ላይ ዘራሁት፣ ሣር አለበስኩት፣ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ሣሩን በገለጥኩ ቁጥር አፈር ብቻ። በመጨረሻ ስቆፍረው በስብሷል።

እሳቸው ለካ ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠውታል። የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ወራት ካልቀዘቀዘ አይነቃም። አውጥተው ሲዘሩት በቀለ። ልጄ “በቀለ!” እያለች ሮጣ ስትገባ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እኔ ሰጥቻት አላውቅም አልኩ በልቤ። ያን ቀን ወጡ አረረብኝ።

በጋው ሲበረታ የችግኟ ቅጠል ዳር ዳሩን ይቃጠል ጀመር። መምህርቷ በጣሳ ይዘዋት ከልጄ ጋር መጡ።

“ሜ እስቲ፣ አንቺ እይልኝ። ፀሐዩ ሊገድልብኝ ነው። ከቡናሽ ጋር ዳሱ ሥር ትቀመጥ?”

“ብርድ ትወዳለች ብለው የለ? ፍሪጁ ሞላ እንዴ?”

“እማ!” አለች ልጄ። እሳቸው ግን ከት ብለው ሳቁ።

በሣር የተከደነው ዳሴ ሥር፣ በቡና ችግኞቼ መሀል አስቀመጥኳት። ቅጠሏን ልክ እንደ ቡና ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት ታወጣለች፤ ይህን ለልጄ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አሁን ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቀጥታ ወደ ጓሮዬ ትመጣለች።

ችግኝ ሲጠነክር የዳሱን ሣር በየጊዜው እየቀነሱ ፀሐይ ማስለመድ ነው ደንቡ። የቡናዎቼን ቀንሻለሁ። ከሷ በላይ ያለውን አልነካሁም፤ ፀሐይ ከለመደች ወደ እሳቸው ግቢ ትመለሳለች።

“እማ፣ የሷን ሣር መቼ ነው የምትቀንሺው? ቲቸር ጠየቁኝ” አለችኝ ትናንት።

“ትንሽ ትቆይ፣ ገና ናት።”

ዛሬ ጠዋት ከሷ በላይ አንድ እፍኝ ሣር ስጨምር አየችኝ። አጠገቤ ቆማ ውሃውን አቀበለችኝ።