ግማሹ መዝገበ ቃላት

ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ጨዋታ አላት። ፊደላት ይሰጧታል፤ እሷ ሁሉንም የያዘ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ትፈልጋለች። ባለፈው እሑድ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ «እማዬ፣ ቢ፣ ፒ እና ዋይ ያለበት?» አለችኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቀና ሳልል «ሪስፖንሲቢሊቲ» አልኳት። «እሺ፣ ኪው እና ኤም?» «ሪኳየርመንት።» ስልኩን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ። ስኳርና ዘይት ስትሸጥ የምታውቃት እናቷ ይህን ከየት አመጣችው ብላ ይሆናል።

ያመጣሁትማ ከዚሁ ባንኮኒ ሥር ነው። ሱቁ የአጎቴ የሸምሱ ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አሥረኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። የቡና ለቀማው እንደተጀመረ አጎቴ የጨው ጆንያ ሲያነሳ ወገቡን ያዘውና መቆም አቃተው። ልጅ አልነበረውም። «ቡናው እስኪያልፍ ብቻ፣ ዘይኔ» አለኝ። ትምህርት ቤቱም የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ከወሰድኩ ዓመቱ እንደማይበላብኝ ነገረኝ። ያንን ተስፋ ይዤ ባንኮኒው ኋላ ቆምኩ።

በቡና ወቅት ዲላ ውስጥ ሱቅ መጠበቅ ምን እንደሚመስል የቆመበት ያውቀዋል። ከኮንጋም ከፍስሐ ገነትም ሰው ይጎርፋል፤ ልብሱ የቡና ገለባ ይሸታል፤ ሁሉም ይቸኩላል። ወደ ሞያሌ የሚወርዱት አውቶቡሶች ደጃችን ላይ ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ እኔ መስኮታቸው ላይ የተደገፉትን ሰዎች አያለሁ። የባንኮኒው መውጫ ወደ ላይ የሚነሳ ሳንቃ ነበር። አጎቴ ወንበሩን እዚያው ሥር አድርጎ ስለሚቀመጥ፣ ለመውጣት እሱን ማስነሳት ነበረብኝ። ሲነሳ ደግሞ ያቃስታል። ስለዚህ አልወጣም ነበር። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ጠዋት ጠዋት «አላህ ይስጥሽ» ይለኛል። ደግ ሰው ላይ በምን አፍ ይታመፃል?

ያን ጊዜ መጠቅለያ ወረቀት በኪሎ እንገዛ ነበር። ከክምሩ መሐል አንድ ቀን ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ከኤ እስከ ኤል ያለው ለስኳር መጠቅለያ ተቀዶ አልቋል። ከኤም እስከ ዜድ ያለውን አራግፌ ባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩት። የክፍል ጓደኛዬ አስቴር፣ ከቡሌ መጥታ ሰፈራችን ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ፣ ከትምህርት ስትመለስ በሱቁ መስኮት ብቅ ትላለች። ከቤቷ የተላከላትን ቆጮ ትቆርስልኝና የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ሁሉንም የያዘ ረጅም ቃል ፈልጉ ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፋቸውን ፊደላት ትነግረኛለች።

«ዛሬ ቲቸር ከባድ ነው የሰጠን። ክላሱ ሁሉ ዝም አለ።»

«ለነገ አገኝልሻለሁ።»

ገበያው ጋብ ሲል ገጾቹን አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። ረጅም ቃል ሳገኝ ከሱቁ ወጥቼ የተራመድኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ፈተናውን እንደማልፍ የማምነው በዚያ ግማሽ መጽሐፍ ነው።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ ቦኖው ላይ መጣ ተባለና ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ሰልፉ እስከ ቀትር አቆየኝ። ስመለስ ከባንኮኒው ሥር ሽፋኑ ብቻ ቀርቷል።

«አጎቴ፣ እዚህ የነበረው መጽሐፍ?»

«ያ የተቀደደው? መጠቅለያ አለቀብኝ፤ ሰዉ ደግሞ ወላሂ እንደዛሬ መጥቶ አያውቅም። ምነው?»

ጀሪካኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ግን ደነገጠ። ምሳውንም አልበላም።

በሚቀጥለው ገበያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ በንግድ በለመዳት ጌዴኦኛ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ «የእንግሊዝኛ ወረቀት ያለው ይመልስልኝ፤ ስኳር እጨምራለሁ» ይል ጀመር። ሰዉም ያገኘውን አመጣ። የመድኃኒት ወረቀት፣ የባትሪ ካርቶን፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቅዳጅ፣ የተማሪ ደብተር ሳይቀር። ከኮንጋ የመጣች አንዲት አሮጊት፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ በሚያደርገው አማርኛዋ፣ «ልጁ ለወረቀት አለቀሰ አሉኝ። እንካ፣ ጨውዋን አራግፌዋለሁ» ብላ አንድ ቅጠል ሰጠችኝ። ከዚያ ሁሉ የመዝገበ ቃላቱ ያ ብቻ ነበር።

አጎቴ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ሁሉንም በመዳፉ እያሳሳ አቃናው፣ በሲባጎ አሰረው፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ተሟላ?» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። «ተሟልቷል» አልኩት።

ያቺን ቃል ስናገር በሩን በራሴ ላይ እንደዘጋሁ ያኔውኑ ተሰምቶኛል። የፈተናው ቀን የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ለፈተናው እንዲለቀኝ ለአጎቴ የምለውን ብዙ ጊዜ በልቤ አጥንቼው ነበር፤ ያን ጠዋት ግን የታሰረው ወረቀት ከአጠገቡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳየው፣ ሳልነግረው ሚዛኑን አነሳሁ። ጨው ስመዝን ዋልኩ። አስቴር ከፈተና ስትመለስ በመስኮቱ ቆመች፤ ፊደል አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ክብሪት ገዝታ ሄደች።

ዓመቱ ተበላ። ከዚያ የአጎቴ ወገብ አልድን አለ፣ ከዚያ ሱቁ የኔ ሆነ። አላህ ይዘንለት፣ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። በዚያ ቀን ላይ ግን አሁንም አለኝ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። «ለዚህ ነው ለካ በኤ ወይም በቢ የሚጀምር ቃል ነግረሽኝ የማታውቂው» አለች።

«እሱ ስኳር ተጠቅልሎበት ወደ ኮንጋ ሄዷል» አልኳት። ሳቅን።

በገበያ ቀን ባንኮኒው ላይ የምታግዘኝ እሷ ናት። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተናዋ ሊደርስ ነው፤ እሱም የገበያ ቀን ላይ ውሏል። ለብቻሽ እንዴት ትሆኛለሽ ብላ ስታመነታ አይቻታለሁ። አንድ ነገር ነገርኳት፦ የዚያን ቀን ሱቁ ዝግ ነው።